መጠሪያ የሌለው እርማት

የዳሚ እናት ማልሱን ከማለዳ ጀምሮ የወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መጠቅለያ ጨርቅ ስትፈልግ ነበር። የቁም ሳጥኑን መሳቢያዎች አንድ በአንድ አውጥታ ወለሉ ላይ ደረደረች። የክረምት ብርድ ልብሶቹን ገላለጠች። የተቦካ ጎመን፣ ኪምቺ፣ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ላይ የተከመሩትን የፕላስቲክ ዕቃዎች እያነሳች ከሥራቸው አየች፣ መልሳም አስቀመጠቻቸው። ያ ጨርቅ ለሠርግና ለትልቅ በዓል ስጦታ ካልሆነ የማይወጣ፣ ከእናቷ የወረሰችው ነበር። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ተራውን አረንጓዴ ጨርቅ አነጠፈችና የኮክ ካርቶኑን መሀሉ ላይ አኖረችው። ዘንድሮ ዝናቡ ስለበዛ የኮክ ዋጋ እሳት ሆኗል። የፍራፍሬ ሻጩ ግን የተመታ ፍሬ እንዳይቀላቅልባት ቆማ እያንዳንዱን አገላብጣ ነው የመረጠችው። ዳሚ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ታያት ነበር። ስጦታው ለማን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሞተው ልጇ ፈንታ ይቅርታ ልትጠይቅ፣ አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ቤት ሄዳ ልትንበረከክ ነው።

ማልሱን ቀና ሳትል፣ ኮክ ለሙት እንደማይቀርብ ተናገረች። የሙት ነፍስ ትሸሸዋለች ይባላል። ስለዚህ ልጇ ጄሙን እንደዚያ እየወደደው በሙት መታሰቢያ ገበታው ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ ልታኖርለት አልቻለችም፤ ለሕያዋን ግን ይሆናል።  ሐሳቧ ወዴት እንደሚሄድ ዳሚ ታውቀው ነበር። ጄሙን ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ማታ፣ ገና የተገዛው የኮክ ካርቶን ግማሹ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እናቱም ሆድህ ጉድጓድ ነው ወይ፣ ለእህትህ እንኳ አታስብም ወይ ብላ ጮኸችበት። እሱም ሳቅ ብሎ፣ አዎ በላሁት አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ደህና አደርክ ደህና ዋልሽ ከመባባል ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። ሴትዮዋ እንደ ታመመ ጥርስ ይህችን እሑድ በምላሷ እየነካካች ነው ወሩን የገፋችው።

«እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ አቆይው» አለች ዳሚ። «ምን እንደሆነ በደንብ ሳናውቅ ምን ብለሽ ነው የምትንበረከኪው?»

«የተጎዳው ሰውዬ እኮ ሚስቱን አያውቃትም። እኛ እስክናውቅ ይጠብቅ?»

«ኦፓ ውሸታም አልነበረም» አለች ዳሚ፤ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነበር።

«ነው አልኩሽ?» ማልሱን የጨርቁን ጫፎች አጥብቃ አሰረች። «እናቱ ነኝ። እሱ ካልቻለ ጉልበት ያለኝ እኔ ነኝ። ከፈለግሽ ጣቢያው ላይ ጠብቂኝ፤ ካልፈለግሽ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ወንድምና እህት የሚሠሩት አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር። ድርጅቱ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆመው መድኃኒት በጠብታ የሚሰጡትን መሣሪያዎች የሚያዝዘውን ፕሮግራም ይጽፋል። ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ቀን ከመሣሪያዎቹ አንዱ ለአንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከታዘዘለት መጠን አሥር እጥፍ ሰጠው። ሰውየው ነፍሱ ተረፈች፤ ልቦናው ግን አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ ያንን የፕሮግራሙን ክፍል የሚሠራው ጄሙን ሞተ። ለቅሶ ላይ፣ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ የድርጅቱ ኃላፊ ናም ለአንድ የሆስፒታል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነግረው ዳሚ ሰማች፦ «ስህተቱን አስተካክያለሁ ብሎ ዋሽቶን ነበር። ምን ይደረግ፣ ሟች አይከራከርም።» በማግስቱ የሬሳ ሣጥኑን ፊት የተሸከመው ይኸው ሰው ነው። ለማልሱንም ጉዳዩን ሪፖርቱ ላይ እንዴት እንደጻፈው በለስላሳ ቃል አስረዳት። እሷም አቀርቅራ ከሰማችው በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰውየውን ቤት አድራሻ።

ዳሚ ቡፕዮንግ ጣቢያ ደርሳ ወደ ሥራ በሚወስደው መስመር ላይ ቆመች። ማዶ ያለውን ወደ ባሕሩ የሚሄደውን መስመር ላለማየት ትሞክራለች፤ ግን በየቀኑ ታየዋለች። ጄሙን የወደቀው እዚያ ነው። በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ልብሱ፣ ሥራው በሌለበት አቅጣጫ ባቡር ሲጠብቅ ልቡ ቆመ። መሥሪያ ቤት ሁሉም ድካም ነው አሉ፤ ከመድከሙ የተነሳ ግራና ቀኙ ጠፍቶት ነው አሉ። እናትየውም በዚህ አምና ልጄን በሥራ አድክመው ገደሉት እያለች አለቀሰች። ዳሚ ግን ወንድሟ በዚያ ጣቢያ አሥር ዓመት ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ መስመር ስቶ እንደማያውቅ ታስባለች፤ ታስብና የሚመልስላት ስለሌለ ትተወዋለች።

ዳሚ የገባችበት የሆስፒታሉ ምድር ቤት ክፍል ከውጭው ዓለም የተቆረጠ ነው። የበሽተኞች መረጃ እንዳይሾልክ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይገባበትም። በር ላይ ስልክ ይወረሳል፤ ሰዓትም ሳይቀር። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሲሠራ እንደ አሮጌ ሰው የሚያቃስት የአየር ማቀዝቀዣና የጄሙን የጨርቅ ነጠላ ጫማ አሉ። የዛሬው ሥራዋ አጭር ነበር። ድርጅቱ ኮምፒውተሩን ለሆስፒታሉ ሊያስረክብ ነው፤ ከዚያ በፊት ትርፍራፊውን ጠርጋ እንድታወጣ ኃላፊ ናም አዝዟታል። የመግቢያ ፈቃድ የነበራቸው እሷና ወንድሟ ብቻ ነበሩ፤ አሁን እሷ ቀርታለች።

ውጭ ቢሮ የሚጻፈው ሥራ ወደዚህ ክፍል የሚገባው በሳምንት አንዴ ነው። ሁሉም በአንድ ፋይል ይታሰርና በፍላሽ ይመጣል። ጥቅሉ ይሉታል። በጥቅሉ ውስጥ ሥራዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የየሥራው መጠሪያም አብሮ ይመጣል። መጠሪያው ሥራው አይደለም፤ «የቅርቡ ሥራ ይኸውላችሁ» ብሎ የሚጠቁም ጣት ነው። ጣቱን ወደ ሌላ ብታዞረው ሥራው ባለበት ይቀመጣል፤ ግን ማንም አያየውም። ጠንቃቃ ሰው ስለዚህ ከውጭ የመጡትን መጠሪያዎች በእንግድነት ለብቻቸው ያስቀምጣቸዋል፤ ከቤተኞቹ መጠሪያዎች ጋር አስተያይቶ፣ የቀደመውን ከተከተለው ለይቶ፣ ከዚያ በኋላ ያገናኛቸዋል። በዚህ ድርጅት ግን እንደዚያ አይደረግም ነበር። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ የውስጡና የውጩ መጠሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲያዩት ተብሎ፣ ጥቅሉ ሲጫን ያለውን መጠሪያ ሁሉ በግድ ወደ ራሱ እንዲያዞር መመሪያ ወጣ። መመሪያው ታትሞ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ የኃላፊ ናም ቀይ ማኅተም አለ።

ዳሚ ትርፍራፊ የሚያጠፋውን መጥረጊያ ፕሮግራም ከማስኬዷ በፊት ምን ምን እንደሚጥል እንዲያሳያት ብቻ አዘዘችው። የጠበቀችው ቁርጥራጭና የተጀመረ ሙከራ ነበር፤ አብዛኛውም እሱው ሆነ። ወደ ታች ስትወርድ ግን በአንዱ ላይ እጇ ቆመ። ምንም መጠሪያ የማይጠቁመው፣ ሙሉ የሆነ፣ መሥራቱን ከሚያረጋግጠው ፍተሻ ጋር የተቀመጠ ሥራ ነው። ከላዩ ላይ ወንድሟ እንደ ልማዱ ያለ ማጋነን እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ነርሷ የአሥርዮሽ ነጥቡን ሳትጽፍ ብታልፍ መጠኑ አሥር እጥፍ እንዳይሆን ታርሟል።» ቀኑን አየች። ከአደጋው በፊት ነው፤ በአሥራ ሁለት ቀን።

ክው አለች። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች፤ ሳታውቀው አንዱን ነክታ እንዳታጠፋው ፈርታ ነው። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሁለት እጇን እንደ ተማረከ ሰው ከፍ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ በዝግታ ቀረበችና እርማቱን ከፍታ መስመር በመስመር አነበበችው። ትክክል ነበር። ይህ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ሾፌሩ ዛሬ ሚስቱን በስሟ ይጠራት ነበር። ጄሙን አልዋሸም። ልታለቅስ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ይቀራታል። መጠሪያውን ከእርማቱ ላይ ያነሳው ማነው? ኮምፒውተሩ መጠሪያዎቹ መቼ፣ በማን እጅ፣ ከየት ወደ የት እንደዞሩ ይመዘግባል። ጠየቀችው። እርማቱ ሰኞ ገብቷል። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ከውጭ የመጣው ጥቅል ተጭኗል። በጥቅሉ ውስጥ ያው መጠሪያ አለ፤ ውጭ ያለው ሥራ ግን ገና ያልታረመው አሮጌው ስለሆነ፣ መጠሪያው በግድ ዞሮ ወደ አሮጌው ጠቆመ። አርብ ዕለት ወደ መሣሪያዎቹ የተላከውም እሱው ነው። ማክሰኞ ጥቅሉን የጫነው ሰው፦ ታክ ጄሙን።

መልሳ አነበበችው። የወንድሟ ስም ነው። በራሱ እጅ አርሞ፣ በማግስቱ በራሱ እጅ ሸፍኖታል። የአየር ማቀዝቀዣው ማቃሰቱን ሲያቆም የገዛ ትንፋሿ ተሰማት። ወደ ግድግዳው ቀና ብላ ቀዩን ማኅተም አየች፤ ወደ ነጠላ ጫማው ዝቅ ብላ አየች። ያገኘችው ነገር እናቷን ከመንበርከክ ያድናት ወይስ የባሰ ይጥላት እንደሆነ አላወቀችም። ብቻ ለእርማቱ አዲስ መጠሪያ አበጀችለት፤ መጥረጊያ እንዳይነካው። በመመሪያው መሠረት የሰው ስም መጠቀም ክልክል ነው። እሷ ግን «ጄሙን» ብላ ጻፈች።

ኃላፊ ናም የርክክቡን ሰነድ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር ቆሞ ነበር። ጠራችው። ሲገባ ጠርገሽ ጨረስሽ ወይ አላት። አልጠረግሁም ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት። ቁጭ ብሎ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ በክራቫቱ ጫፍ ወለወለው፣ አድርጎት እንደገና አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ረቡዕ ዕለት ነግሮኝ ነበር» አለ። «አርሜው ነበር አለኝ። ከአደጋው በኋላ የሆስፒታሉን ሰዎች እዚህ አስከፍቼ ራሴ አይቼው ነበር። መጠሪያው አለ፤ ከሥሩ ያለው ግን አሮጌው ነው። እንዴት ብዬ አምናለሁ? ውሸታም አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ግባና ላሳይህ አለኝ። ፈቃድህ ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል አልኩት።»

በማግስቱ ሐሙስ ነው የሞተው።  ኃላፊ ናም ወደ ታች ሲወርድ የጫነው ሰው ስም ላይ ደረሰ። ትከሻው ላላ ሲል ታያት።

«ግን እኮ የጫነው ራሱ ነው» አለ፤ ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበረበት።

«በማን መመሪያ ይበሉኛ» አለችና በጣቷ ወደ ግድግዳው አሳየችው።

እሱም ቀና ብሎ የገዛ ማኅተሙን አየ። የሆስፒታሉ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ እንፈርም ወይ ሲል ጠየቀ። ኃላፊ ናም ሰነዱን ለሁለት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ ዛሬ አንፈርምም አለ። ዳሚ ስልኳን ከሳጥኑ አውጥታ ሮጠች።

እናቷን ቡፕዮንግ ጣቢያ ደረጃው ሥር አረንጓዴውን ጥቅል ታቅፋ ቆማ አገኘቻት። የለበሰችው ያው የለቅሶዋን ጥቁር ነው፤ ከንፈሯን ግን በስሱ ተቀብታለች። ዳሚ ያገኘችውን ሁሉ ቆማ ነገረቻት። አርሞት እንደነበር፣ ከዚያ መመሪያው ባዘዘው መሠረት ጥቅሉን ሲጭን የገዛ ሥራውን ሳያውቅ እንደሸፈነው፣ ውሸታም ተብሎ በር እንደተዘጋበት። ማልሱን ሳታቋርጥ ሰማቻት። ሰዉ በጎንና በጎናቸው ያልፋል።

«እና፣ አድርጎታል ወይስ አላደረገም?» አለች በመጨረሻ።

«ሁለቱንም አድርጓል፣ እማዬ።»

ማልሱን ጥቅሉን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች። «እንግዲያ ሁለቱንም ለሰውየው ሚስት እነግራታለሁ» ብላ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ሰዎቹ ያሉት በባሕሩ በኩል ነው። ስለዚህ ጄሙን በወደቀበት መስመር ላይ ቆመው ባቡር ጠበቁ። ያንን ቦታ ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም ዓይናቸውን የመጠጥ መሸጫው ማሽን ላይ ተከሉ። ባቡሩ መጣ፣ ገቡ፣ ማልሱን ጥቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪወርዱ ድረስ በመዳፏ ሸፈነችው።

ቤቱ ከልብስ ማጠቢያ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው። የሾፌሩ ሚስት ወይዘሮ ጁ ሰባዎቹን ያለፈች፣ ጎንበስ ያለች ሴት ነች። ማልሱን በስልክ የመሐንዲሱ እናት ነኝ ብላት ስለነበር ሳትጠይቅ አስገባቻቸው። ሰውየው መስኮቱ አጠገብ ማራገቢያ ፊት ለፊት ተቀምጦ መሪ እንደያዘ ሰው ጣቶቹን ጨብጦ ወደ ውጭ ያያል። ማልሱን ጥቅሉን አስቀመጠች፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ግንባሯ እጆቿን እስኪነካ ድረስ ሰገደች። ቀን ተሌት ያዘጋጀችውን ቃል ገና ስትጀምር ወይዘሮ ጁ ደንግጣ ብብቷን ያዘቻት።

«ይነሱ፣ ኧረ ይነሱ! ልጅዎ ተንበርክኮ ጨርሶት የለም ወይ? ምነው ደግሞ እናቱን ይልካል?»

ማልሱን እንደተንበረከከች ቀና አለች። ዳሚ በድንጋጤ የበሩን መቃን ያዘች። ወይዘሮ ጁ ግን ምንም ሳታስተውል ወሬዋን ቀጠለች። ባሏ ከሆስፒታል በወጣ ማግስት፣ እሑድ ቀን፣ ባለመነጽሩ ልጅ ኮክ ይዞ መጣ። ማንም አልላከኝም አለ። እዚያው እናቱ ያለችበት ቦታ ተንበርክኮ፣ አርሜው ነበር፣ ከዚያ በራሴ እጅ ሸፈንኩት፣ ሳላውቅ ነው፣ ግን እጁ የኔ ነው አላት። ስለ መጠሪያ ምናምን ያስረዳትን አልገባትም። ሲናገር ግን ዓይኗን እያየ ነበር። ከዚያ አንድ ኮክ ልጦ በትንሹ እየቆረሰ ለባሏ አጎረሰው፤ ሰውየው ከተጎዳ ጀምሮ ከእንግዳ እጅ ሲበላ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ሲሄድ፣ ሐሙስ ጠዋት ማስረጃውን ይዤ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

«ቁርስ ሠርቼ ጠበቅሁት» አለች ወይዘሮ ጁ። «ሾርባው ቀዘቀዘ። አልዋሽዎትም፣ ተቀይሜዋለሁ። የዛሬ ልጅ እንዲህ ነው፣ አንዴ ተናግሮ ልቡ ሲቀለው ይረሳል አልኩ።»

በዳሚ ዓይን ላይ የጣቢያው ማዶ መጣ፤ ሥራ የሌለበት አቅጣጫ። ረቡዕ በር ተዘግቶበታል። የሚያሳየው ነገር በእጁ የለም። ቢሆንም ሐሙስ ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ባዶ እጁን፣ ባዶ እጁን መምጣቱን ሊነግራት ይሄድ ነበር። ግራና ቀኙ አልጠፋበትም።

ወይዘሮ ጁ ጓዳ ገብታ አንድ ነገር በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት የታጠፈ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጠቅለያ ጨርቅ ነው። «ኮኩን ይዞበት መጥቶ ረሳው። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ የእናት ዕቃ ይመስላል ብዬ አስቀመጥኩለት። ይስጡልኝ። ለምን እንደቀረም ይጠይቁልኝ።»

ማልሱን ጨርቁን ተቀበለች። ገልጣ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፤ እናቷ በነጭ ክር የሰፋችውን ጥግ አገኘችው።  መስኮቱ አጠገብ ያለው ሰው በማይታይ መሪው ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«ኮኩን እሱም በላ?» አለች።

«አንዷን ለሦስት ተካፈልናት።»

ማልሱን ጨርቁን ደረቷ ላይ አድርጋ ወይዘሮ ጁን ቀና ብላ አየቻት።

«አልቀረም፣ እትዬ» አለች። «እየመጣ ነበር።»